የትንሹ ልጅ ካልሲ

መንገዱን ጉም በዋጠው ጠዋት፣ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት አጠገቧ ከተቀመጡት ቄስ ጋር ስታወራ፣ ከኋላቸው ተቀምጬ እሰማለሁ።

«የአሠሪዬ ልጆች ራግቢ ነበር የሚጫወቱት አባ። እንደ እንቁላል የሾለች ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ነው።»

«በእጅ ከሆነ ምኑን ኳስ ሆነው?»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ትልቁ ከፊት ሆኖ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፎ የሚገፋ ነው። ትንሹ ደግሞ ዳር ቆሞ ይጠብቅና ኳሷ ስትደርሰው ይበራል።»

«የቱ ይበልጥ ይደክማል?»

«ማልያቸውን የማጥበው እኔ አይደለሁ? የትልቁ ጭቃ በጭቃ ነው፣ ትከሻው ላይ ይተረተራል። የትንሹ ላብ ብቻ። እሱ ምን ደከመው እል ነበር።»

«ኋላስ?»

«አንድ ቀን የትንሹን ካልሲ ገለበጥኩት። ውስጡ ደም ነው።»

ጉሙ መስኮቱን እየታከከ ያልፋል።

«እህቴ መናኸሪያ ትጠብቀኛለች አባ። እናታችንን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመች እሷ ናት። ‹አንቺ ምን ደከመሽ› ተባብለን፣ ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። ምን ብዬ ልጀምር?»

«አብሽሪ ልጄ። አፍሽን ሳትከፍቺ እጇን ያዢና እይው።»

«የኔንስ ድካም ማን ያይልኛል?»

«ከመንገድ ለገባ ሰው እግር ማጠብ መች ይቀራል? ማታ እግርሽን ስታጥብሽ ታየዋለች።»

እኔ የምወርድበት ቦታ ሲደርስ፣ መናኸሪያ የምትጠብቀውን እህቷን ሳላይ መውረድ አቃተኝና ‹ወራጅ› ሳልል አለፍኩት።