ሲስተሯ የፈቀደችልኝ ቀን

ከወሎ በሰፈራ መተማ ከወረድን በኋላ ስወልድ ደሜ አልቆም ብሎ ለትንሽ ተረፍኩ። «ከእንግዲህ ብታረግዢ አትተርፊም» ያለኝ የመንግሥት ክሊኒኩ ድሬሰር ብዙም ሳይቆይ ወደ ጦር ግንባር ተወሰደና ክሊኒኩ ተዘጋ። የቀረችን በካቶሊክ ሚሲዮኑ የምታክመው መነኩሲት፣ ሲስተሯ ናት፤ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ፍለጋ እሷ ዘንድ ሄድኩ። «ኪኒን ቤተ ክርስቲያናችን አትፈቅድም። እግዚአብሔር ራሱ የማይረገዝበትን ቀን ሰጥቷል፤ በዚያ ከባልሽ ጋር ሁኚ፣ በሌላው ታቀቡ» ብላ ቀኖቹን በጣቴ እያስቆጠረች አስጠናችኝ። ሳሰላው የፈቀደችው ሁሉ ሁዳዴ ውስጥ ገባ፤ የከለከለችው ፋሲካ ላይ ዋለ!

«ሲስተር፣ እኛ እኮ በጾም ከባል ጋር አንተኛም» አልኳት። «እርስዎ ሲፈቅዱልኝ የንስሐ አባቴ ይከለክሉኛል፤ እሳቸው ሲፈቅዱልኝ ደግሞ እርስዎ። ታዲያ የኔ ቀን የትኛው ነው?»

ቀኖቹን በራሷ ጣት እንደገና ቆጠረች።

«ባረግዝስ? ብሞትስ?»

«እህቴ፣ አንቺ እኔን ትጠይቂኛለሽ፤ እኔ ማንን ልጠይቅ?» ስትል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ምን ይዋጠኝ? መላ ፍለጋ የሄድኩባትን ሴት «አይዞዎት» እያልኩ አባብዬ ወጣሁ።

ባሌ የሰፈራውን ትራክተር ደጅ አቁሞ ይጠብቀኛል። «እህስ፣ ምን አለችሽ?»

«የሚፈቀድና የሚከለከል ቀን አስቆጠረችኝና አለቀሰች።»

መሪውን እንደያዘ ወደኔ ዞረና «ታዲያ ዛሬ ተፈቅዷል ማለት ነው ወይስ ተከልክሏል?» አይለኝም!