አልጋው ላይ በየት በኩል?

የዳንዳስ መንገዱ ስትሪትካር፣ የከተማው ባቡር፣ ስለሞላ አንድ ባልና ሚስት ተለያይተው ባልየው ከግራዬ፣ ሚስትየው ከቀኜ ተቀመጡ። ለሚስትየው ፒአር፣ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢሚግሬሽን ኢንተርቪው አድርጓቸው መመለሳቸው ነበር።

“አልጋው ላይ በየት በኩል ነው የምትተኛው አለችኝ ኦፊሰሯ።”

“እኔንም ለብቻዬ ጠይቃኛለች። ምን አልካት?”

“መሃል።”

“ወይኔ ጉዴ! እኔም መሃል ነው ያልኳት።”

“ሁለታችንም መሃል?”

“ታዲያ ልዋሽ? አንተ ከሌሊት ሺፍት ስትገባ እኔ ለቀን ሺፍት እወጣለሁ።”

“በቃ፣ ጋብቻው የውሸት ነው ብላ ትጽፋለች።”

“ሌላስ ምን አለችህ?”

“ሚስት እንዳለህ በምን ታውቃለህ አለችኝ።”

“አንተስ?”

“ጠዋት ስገባ አልጋው ሙቅ ነው አልኳት።”

“እንደሱ አልካት?”

“እና ውሸት ነው?”

ልወርድ ገና ሦስት ፌርማታ ሲቀረኝ ከመሃላቸው ተነስቼ ቆምኩ።