ስሙን ያልጻፈው ተቆርቋሪ

(በአንድ የመምህራን ኮሌጅ የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት፣ የሴቶች ቅርጫት ኳስ የዋንጫ ጨዋታ ሊጀመር ሦስት ሰዓት ሲቀረው፤ አሰግድ እስከ አምና አሰልጣኝ፣ ዘንድሮ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ፤ ፈትለወርቅ የቀድሞ ተጫዋቹ፣ ዘንድሮ በቦታው የተተካች አሰልጣኝ።)

አሰግድ፦ ኳስ ከሆነ ፈርመሽ ውሰጂ። እኔ ግን በፊርማ የምወጣ ዕቃ አይደለሁም።

ፈትለወርቅ፦ ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ ነው። እኔ ታግጃለሁ፤ ወንበሩ ላይ አሰልጣኝ ከሌለ በፎርፌ ልንሸነፍ ነው።

አሰግድ፦ ዘጠኝ ጨዋታ ስታሸንፊ ማን ፈለገኝ? አሥራ አራት ዓመት ለፍቼ በሩን ያላየሁትን ዋንጫ፣ አንቺ በመጀመሪያ ዓመትሽ ደጃፉ ላይ ደረስሽ።

ፈትለወርቅ፦ ቀኑብኝ እንዴ?

አሰግድ፦ በምንሽ? በፊሽካሽ? ልጆቹ አምና ሲያገኙኝ ጎንበስ ይሉ ነበር። ዘንድሮ መዳፋቸውን ያነሳሉ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ።

ፈትለወርቅ፦ እርስዎም ቢያነሱ ልጆቹ መዳፍዎን መታ አድርገው ያልፉ ነበር።

አሰግድ፦ አርፈሽ ተቀመጪ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያሉ መሳቂያ አድርገውኛል። አሁን ደግሞ ያንቺን ወንበር ልጠብቅ?

ፈትለወርቅ፦ እኔ አራት ዓመት ያንን ወንበር ጠብቄልዎታለሁ፤ አንድ ቀን አላስገቡኝም። ጨዋታ ማየት የተማርኩት እዚያ ተቀምጬ ነው።

አሰግድ፦ ...ለመሆኑ በምን ታገድሽ? እኔ አልሰማሁም።

ፈትለወርቅ፦ በፈተና ሳምንት ልምምድ አሠርታለች የሚል ደብዳቤ ለዲኑ ገባ። ስም የለውም፤ «አንድ ተቆርቋሪ» ነው የሚለው።

አሰግድ፦ አይ ሰው።

ፈትለወርቅ፦ የስድስቱንም ልምምድ ቀን ጠቅሷል። ኳሱ የወጣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ጭምር።

አሰግድ፦ ግድግዳ ጆሮ አለው ይባል የለ።

ፈትለወርቅ፦ ጆሮስ ይኑረው። መዝገብም ይይዛል?

አሰግድ፦ ሥራ አለብኝ፣ ፈትለ።

ፈትለወርቅ፦ አራት ገጽ ነው። ክሱ ግን ግማሽ ገጽ ላይ አልቋል።

አሰግድ፦ ሌላውስ?

ፈትለወርቅ፦ ቡድኑ እንዴት መጫወት እንዳለበት። ሰውዬው ተናዶ ጀመረና ብዕሩ አልቆም አለው መሰለኝ።

አሰግድ፦ ዲኑ ሁሉንም አነበበው?

ፈትለወርቅ፦ ግማሽ ገጹን አንብቦ መልስ ስጪበት ብሎ ሰጠኝ። ቅጣቱ የመጣው ትናንት ነው። እስከዚያው ሁለተኛውን ገጽ በግማሽ ፍጻሜው ሞከርኩት፤ በአሥራ ሁለት ነጥብ አሸነፍን።

አሰግድ፦ አይቻለሁ... ማለቴ፣ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ፈትለወርቅ፦ ሦስተኛው ገጽ ለዋንጫ ይገጥሙናል ብሎ ስለገመታቸው፣ ስለ ዛሬዎቹ ተጋጣሚዎቻችን ነው። ረጅሟን ተጫዋቻቸውን ስምንት ቁጥር ትያዛት ይላል። እንደዚያው ብዬ ልንገራቸው?

አሰግድ፦ ስምንት ቁጥር? ያቺ ድንክ?

ፈትለወርቅ፦ የተጻፈውን ነው የምልዎት።

አሰግድ፦ እንደዚያ አልተጻፈም። ረጅሟ ሁልጊዜ በግራዋ ነው የምትዞረው። አራት ቁጥር ትያዛት ነው ያልኩት፤ ሁለቴ አስምሬበታለሁ።

ፈትለወርቅ፦ ልክ ነው፤ አራት ቁጥር ነው የሚለው፣ ሁለቴ ተሰምሮበት።

አሰግድ፦ ልጆቹ ያውቃሉ?

ፈትለወርቅ፦ አያውቁም። ከእኔ አይሰሙም።

አሰግድ፦ ብንሸነፍስ?

ፈትለወርቅ፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይድረሱ፣ ጋሼ። ከተሸነፍን እኔም ለዲኑ አራት ገጽ እጽፍብዎታለሁ፤ ስሜን ከነአባቴ አድርጌ።