የማክሰኞው ዜና

(ደብረ ማርቆስ፣ ክረምት፤ ሐሙስ ማታ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፤ እልፍነሽ የተቀዳ ዜና በኮምፒዩተር ደግማ እያየች ነው፤ ልጇ ሰናይት ከኮሌጅ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነው።)

እልፍነሽ፦ ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ «ማክሰኞ» ይላል።

ሰናይት፦ እንደምን አመሸሽ እማዬ። እኔም ደህና ነኝ፣ ብዙ አልረጠብኩም።

እልፍነሽ፦ ነይ እዪው እስቲ። ይህ የትናንት ማታ ዜና አይደለም እንዴ? ትናንት ረቡዕ ነበር።

ሰናይት፦ ጽሑፉን መቀየር ረስተው ይሆናላ።

እልፍነሽ፦ ጠዋት ሳየው ልብ አላልኩትም። ጆሮዬ የሰማው «የቆባ ድልድይ ለጭነት መኪና ክፍት ነው» የሚለውን ብቻ ነው። እሱን ሰምቼ ለአባትሽ ደወልኩ።

ሰናይት፦ ምን ብለሽ?

እልፍነሽ፦ ምን እላለሁ፤ በድልድዩ ና አልኩት። በዞሪያው መንገድ ሊመጣ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ተነሱ፣ እሱና ጌጡ።

ሰናይት፦ ጋሽ ጌጡ? የእትዬ ተዋበች ባል?

እልፍነሽ፦ ሌላ ጌጡ አለን? ሁለት አይሱዙ ሙሉ በቆሎ ጭነው። ከአሥር ሰዓት ወዲህ የሁለቱም ስልክ አይሠራም።

ሰናይት፦ ቆላው ኔትወርክ የለውም። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

እልፍነሽ፦ ሁልጊዜ እንደዚያ የሆነ ነገር አንድ ቀን እንደዚያ አይሆንም።

ሰናይት፦ እሺ፣ ተነሺልኝ፣ ፋይሉን ልየው።

እልፍነሽ፦ ምን ይላል?

ሰናይት፦ ቆይ።

እልፍነሽ፦ ፊትሽ ተለወጠ።

ሰናይት፦ ደክሞኝ ነው። የመቅጃው ሰዓት ተዛብቷል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

እልፍነሽ፦ አንቺ መች ነካሽው? ማክሰኞ ማታ ቻናሎቹን ስትፈልጊ አምሽተሽ ያገኘሻቸው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ዜናው አምልጦናል። «ረቡዕ ለቅሶ ቤት ስለምናመሽ ይቅዳልን» ብለሽ ሰዓቱ የሚሞላበትን ቦታ አሳየሽኝ። የሞላሁት ግን እኔ ነኝ።

ሰናይት፦ እኔ ማየት ነበረብኝ።

እልፍነሽ፦ ረቡዕ፣ ሁለት ሰዓት። ዜና ሁለት ሰዓት ነው። በገዛ ጣቴ ነው የጻፍኩት። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ሰናይት፦ የትም።

እልፍነሽ፦ ሰናይት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። እንደ ሕፃን አታባብይኝ።

ሰናይት፦ ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የኛ የማታ ሁለት ሰዓት ለእሱ ሃያ ሰዓት ነው። ሁለት ስትይው ሌሊት ስምንት ሰዓት መሰለው።

እልፍነሽ፦ በሌሊት ስምንት ሰዓት ምን ዜና አለ?

ሰናይት፦ የማታውን ይደግሙታል። ለረቡዕ አጥቢያ የደገሙት የማክሰኞን ነው።

እልፍነሽ፦ የትናንቱስ?

ሰናይት፦ አልተቀዳም።

እልፍነሽ፦ እንግዲህ ትናንት ስለ ድልድዩ ምን እንዳሉ አገር ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ነኝ። የሁለት ቀን ወሬ ይዤ ሰው ወደ ድልድዩ ሰደድኩ።

ሰናይት፦ ክፍት ነው ብለው ደግመውም ሊሆን ይችላል።

እልፍነሽ፦ ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ?

ሰናይት፦ አሁን ዜናው ሊጀምር ነው። ቀጥታውን እንክፈተውና እንስማ።

እልፍነሽ፦ መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ቀጥታውን እምቢ ብሎኛል። መሣሪያው የለም ይላል። እያየኋት፣ እዚያው ተሰክታ፣ የለችም ይለኛል።

ሰናይት፦ ሪሲቨሯን፣ የዲሹን መቀበያ፣ አላወቃትም ማለት ነው። ነቅዬ ልሰካት።

እልፍነሽ፦ ከፍላሽ የማትበልጥ ነገር ላይ የሁለት ሰው ነፍስ ተንጠልጥሏል። ይህ ጥቁር ነገር ደግሞ ምንድን ነው?

ሰናይት፦ ትእዛዝ የምጽፍበት ነው። ኮምፒዩተሩ የሚሠራበት የሊኑክስ ደግነቱ ይሄ ነው፤ የጎደለውን ነገር በግልጽ ጽፎ ይነግርሻል።

እልፍነሽ፦ ሰዓቱ የፈረንጅ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ሰናይት፦ ይኸው፣ አወቃት። አሁን የቀራት ሲግናል ነው።

እልፍነሽ፦ ስንት ይላል?

ሰናይት፦ ሃያ አንድ። ከአርባ በታች ምስል አይሰጥም።

እልፍነሽ፦ ጨው ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ በያት።

ሰናይት፦ አለዚያ ድንጋይ ነሽ ብዬ እጥላታለሁ። ዝናብ ብቻውን እንዲህ አያወርደውም። ዲሹን ማን ነካው?

እልፍነሽ፦ ማንም። የልብስ ማስጫ ገመዱን ብቻ ነው እግሩ ላይ ያሰርኩት።

ሰናይት፦ እማዬ።

እልፍነሽ፦ በዚህ ግቢ ሌላ ጠንካራ ነገር የት አለ?

ሰናይት፦ ልወጣ ነው። አንቺ ቁጥሩን እየጮህሽ አንብቢልኝ።

እልፍነሽ፦ ጃንጥላ ያዢ። ሃያ አንድ። ሃያ አንድ። አሥራ ዘጠኝ።

ሰናይት፦ አሁንስ?

እልፍነሽ፦ ሠላሳ። ሠላሳ አራት። ሄደ። መልሺው፣ መልሺው።

ሰናይት፦ አሁን?

እልፍነሽ፦ አርባ ሦስት። እዚያው ተይው፤ እጅሽን ቀስ ብለሽ አንሺ። ሙዚቃው መጣ። ግቢ፣ ጀመረ።

ሰናይት፦ እትዬ ተዋበች በራፏ ላይ ቆማለች። «ዜናው ተጀመረ ወይ» አለችኝ፣ ልትመጣ ነው።

እልፍነሽ፦ ምን አልሻት?

ሰናይት፦ ገና ሲግናል እየፈለግን ነው አልኳት።

እልፍነሽ፦ ደግ አደረግሽ። ጠዋት እኮ አጥር ላይ ጠርቼ ነው ያበሰርኳት። መንገዱ ክፍት ነው፣ ለእራት ይደርሳሉ ብዬ።

ሰናይት፦ ዝም በይ፣ ስለ መንገዱ እያወራ ነው።

እልፍነሽ፦ ድምፁን ጨምሪው።

ሰናይት፦ ከዚህ በላይ አይጨምርም፣ እኔ ልድገምልሽ። «... ለጭነት ተሽከርካሪዎች ዝግ መሆኑ በትናንትናው ዕለት ተገልጾ የነበረው የቆባ ወንዝ ድልድይ ...»

እልፍነሽ፦ ትናንት ተናግረዋል።

ሰናይት፦ ቆይ። «... ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ መካከሉ ተደርምሷል።»

እልፍነሽ፦ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እናቴ ስትለው ተረት ይመስለኝ ነበር።

ሰናይት፦ ተቆራረጠ። ዝናቡ ጨመረ።

እልፍነሽ፦ አንድ አይሱዙ አለ። ሰምቼዋለሁ፣ አንድ አይሱዙ ብሏል። ታርጋውን አየሽው?

ሰናይት፦ ምስሉ ካሬ ካሬ ሆኖ እንዴት ልየው።

እልፍነሽ፦ ውሃው ላይ የተንሳፈፈው ሸራ ነው። ሰማያዊ ነው።

ሰናይት፦ የሁለቱም ሸራ ሰማያዊ ነው፣ አብረው ነው የገዙት። ቆይ፣ ስልክሽ እየጠራ ነው።

እልፍነሽ፦ የማን ቁጥር ነው?

ሰናይት፦ አላውቀውም።

እልፍነሽ፦ አንቺ አንሺው።

ሰናይት፦ ሃሎ? ማን ልበል? ... አባዬ። እማዬ፣ አባዬ ነው። በሰው ስልክ ነው።

እልፍነሽ፦ አለ?

ሰናይት፦ አለ። ምንም አልሆነም። ማዶ ነው፣ ድልድዩ ላይ አልወጣም። ነገ በዞሪያው ይመጣል።

እልፍነሽ፦ ጌታዬ። ጌጡስ? ጌጡስ በይው።

ሰናይት፦ አባዬ፣ ጋሽ ጌጡስ? ... አባዬ?

እልፍነሽ፦ ምን አለ?

ሰናይት፦ እያለቀሰ ነው።

እልፍነሽ፦ ከፊት የነበረው ማን ነው?

ሰናይት፦ አባዬ ድልድዩን ወርጄ ልየው ብሎ ቆመ። ጋሽ ጌጡ ግን ... እማዬ፣ ሌላውን ነገ ይንገርሽ።

እልፍነሽ፦ አሁን ንገሪኝ።

ሰናይት፦ «እልፍነሽ በዓይኗ አይታ ነግራህ የለም ወይ፣ ምን ታያለህ» ብሎት አልፎት ድልድዩ ላይ ገባ። አባዬ እያየው ነው የሄደው። እስካሁን ሸራው ብቻ ነው የወጣው። ... ተቋረጠ። ስልኩ ተዘጋ።

እልፍነሽ፦ ስሜን ጠርቶ ገባ።

ሰናይት፦ አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ስሕተቱ የሰዓቱ ነው።

እልፍነሽ፦ ሰዓት ለቅሶ አይቀመጥም፣ ልጄ። አጥፊው። ስክሪኑንም፣ መብራቱንም።

ሰናይት፦ እየመጣች እኮ ነው። ጃንጥላዋን ዘርግታ ግቢውን እያቋረጠች ነው።

እልፍነሽ፦ ለዚያ ነው አጥፊው የምልሽ። መርዶ በማታ አይነገርም። ሊነጋ ሲል ሽማግሌ ይዞ፣ ዘመድ ሰብስቦ ነው። ከዚህ ከተሰነጣጠቀ ምስል ላይ አታየውም።

ሰናይት፦ ስለ እሷ ብለሽ ነው ወይስ ፊቷን ማየት ፈርተሽ?

እልፍነሽ፦ ሁለቱንም። ጠዋት ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ፣ መንገዱ ክፍት ነው ያልኩት እኔ ነኝ እላታለሁ። በአፌ እነግራታለሁ። ዛሬን ግን የባለቤቷ ሚስት ሆና ትደር።

ሰናይት፦ አንኳኳች።

እልፍነሽ፦ በስንጥቁ አነጋግሪያት። ዝናቡ ሲግናሉን ወሰደው፣ እናቴ ራሷን አሟት ተኝታለች በያት።

ሰናይት፦ አልኳት። «ዶሮው እንዳይቀዘቅዝባቸው እሳት ላይ ላቆየው ወይ» እያለች ነው። ምን ልበላት?

እልፍነሽ፦ አቆዪው በያት። ከዚያ በሩን ሁለቴ አዙረሽ ቆልፊው።