ፑሽ አፕ ያስጠረጠረኝ ቀን

ቡራዩ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ቦርጬ አስቸገረኝና ጂም ገባሁ። አሰልጣኛችን ገመቹ ፊሽካ ሲነፋ እንዘላለን፣ መልሶ ሲነፋ ፑሽ አፕ እንወርዳለን፤ ማረፊያው ትንፋሽ እንኳ አያሰበስብም። "ኦቦ ጀማል፣ ልብዎ የጎረምሳ ልብ ይሆናል" ይለኛል።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ነው። አንድ ቀን እየዘለልን ሳለ ከአስፋልቱ ሮጠው የመጡ ወጣቶች ዘው ብለው ገቡና መሀላችን ቆሙ። ፖሊሶች ተከትለዋቸው ደረሱ።

"ሁሉም የኔ ሰልጣኞች ናቸው" አለ ገመቹ።

"እስቲ አሠራቸውና ልይ" አለው አዛዡ።

ፊሽካው ተነፋ። ልጆቹ እንደ ኳስ ነጠሩ። እኔ ሁለተኛው ፑሽ አፕ ላይ በሆዴ ተዘረጋሁ። አዛዡ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

"አንተ ከሰልፉ ሸሽተህ ነው የገባኸው! ተነሥና ውጣ!"

'እውነተኛው ሰልጣኝስ እኔ ነኝ' ልል አፌን ስከፍት፣ አጠገቤ ያለው ልጅ ፊቱ አመድ ሲሆን አየሁና ዝም አልኩ። ገመቹ ደረሰልኝ።

"ኧረ ጌታዬ፣ ኦቦ ጀማል እኮ ጂሙ ከተከፈተ ጀምሮ የማሠራቸው የኔ ሰው ናቸው!"

አዛዡ ቦርጬን አየ፤ ከዚያ ገመቹን አየ።

"እንግዲያው መታሰር ያለብህ አንተ ነህ!"

ፖሊሶቹ እየሳቁ ወጡ። ልጆቹ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ገመቹ ግን ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈኝ።