ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ

ሰባኪው ሐሙስ ጠዋት የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ወረፋ ሲይዝ ግራ ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሊዘጋው ምንም አልቀረውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አፉን አሳርፎ ለማያውቅ ሰው ይህ ቅጣት ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ግን ገና ምንም አላወቀም። በጠባቧ ክፍል ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ሲቀመጥ፣ አጠገቡ ደብተር ስታርም የነበረች ሴት ብድግ አለችለት። የሰፈራችን አናጢ ልጅ፣ አስተማሪዋ ናት።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? እግዜር ይማርዎ።»

«አሜን ልጄ፣ ኧረ ተቀመጪ። አባትሽስ ደኅና ነው? ጠፋብን እኮ! ወንድምሽን ከቀበርን ወዲህ ይኸው ስምንት ወር፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አላለፈም። ሐዘን ነው ብዬ ዝም አልኩ። ግን እንዲህ ይረዝማል?»

አስተማሪዋ ቀዩን እስክሪብቶዋን ከደነችው። «ሐዘኑ ብቻ አይደለም፣ ጋሼ። ልንገርዎት? አይቀየሙኝም?»

«ምን ያስቀይመኛል!»

«እርስዎ የሰጡት ካርድ ነው።»

ስለ ካርዱ ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። ሰባኪያችን የጥቅስ ደብተር ነበረው። ቅዳሜ ደብተሩን ይገልጥና አንዲት ቁጥር ይመርጣል፤ ለሦስት ነጥብ ይከፍላታል፤ አንድ ቀልድ፣ አንድ የሚያስለቅስ ታሪክ ጣል ያደርግባታል፤ እሑድ አዳራሹ ይሞቃል። ያቺኑ ቁጥር በወፍራም ነጭ ወረቀት በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ጽፎ ለሙሽራ፣ ሱቅ ለከፈተ፣ ሐዘን ላይ ለተቀመጠም ይሰጣል። ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት ከመጽሐፈ ኢዮብ ያወጣትን፣ ጅማሬህ ቢያንስም መጨረሻህ ይበዛል የምትለዋን ነበር። ለአናጢውም በቀብሩ ዕለት የሰጠው እሷኑ ነው።

«እንዴ! እሱ እኮ የተስፋ ቃል ነው» አለ ጉንጩን ደግፎ። «ምኑ ይከፋል?»

«አባቴን ያውቁታል። ቁራጭ እንጨት ሲሰጡት ከምን እንደተቆረጠ ሳያይ አይሠራበትም። ማታውኑ መጽሐፉን አውጥቶ ቦታውን ፈለገ። ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ ጀመረና አነበበ።»

«እሺ፣ ምን አገኘ?»

«እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነበር።»

ሰባኪው አያውቅም። አላውቅም ማለት ግን ከጥርስ ሕመሙ ባሰበት።

«ስሚ ልጄ፣ የእግዚአብሔር ቃል ከየትም ቢቆርሱት ያጠግባል። ሕዝቡ ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ ሰንብቶ ነው የሚመጣው። ምዕራፍ ሙሉ ላንብብለት ብል እንቅልፍ ይወስደዋል። አንዲት ቃል ይዞ ቤቱ ከገባ ይበቃዋል። እናንተ የተማራችሁት ደግሞ ነገር ማወሳሰብ ትወዳላችሁ።»

«ይሁን ጋሼ። እኔ ለእርስዎ ደብዳቤ ብጽፍ፣ ውስጡም "ጎረቤቴ ጋሼ ሌባ ነው ብሎኝ ተቆጣሁት" ብል፣ አንዱ ተነሥቶ "ጋሼ ሌባ ነው" የምትለዋን ብቻ ቆርጦ በስሜ ቢለጥፋትስ?»

«ይሄማ ተንኮል ነው!»

«ተንኮል ባይሆንስ? ደብዳቤውን ሳያነበው ቀርቶ ቢሆንስ?»

ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሊስቁ ብለው መንጋጋቸውን ያዙ። ሰባኪው ግን ፈገግም አላለ።

«እስቲ ይንገሩኝ» አለች አስተማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ካርዱ ላይ ያለውን ቃል የተናገረው ማነው?»

«እግዚአብሔር ነዋ!»

«ለማን?»

«ለ... ለኢዮብ። ለእኛም።»

አልተከራከረችውም። ሰባኪው ራሱ ከኮቱ ኪስ መጽሐፉን አውጥቶ ገለጠ። በምዕራፉ ራስ ላይ ተናጋሪው ተጽፏል፤ ከኢዮብ ወዳጆች አንዱ፣ በልዳዶስ። ቀጥሎ ያለውን ለማንበብ ጣቱን በመስመሩ ላይ ማስኬድ ግድ ሆነበት። ልጆቹ ለሞቱበት አባት በልዳዶስ እንዲህ ይለዋል፦ ልጆችህ እግዚአብሔርን በድለውት ይሆናል፣ እሱም ለበደላቸው አሳልፎ ሰጣቸው። ሦስት ቁጥር ዝቅ ብላ ያቺ የሚወዳት ተስፋ ተቀምጣለች።

«አሁን ደግሞ መጨረሻውን ያንብቡ» አለችው።

በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር በእነዚያ ወዳጆች ተቆጥቷል፤ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል።

ሰባኪው ጆሮው ድረስ ጋለ። ከአርባ ሁለት ምዕራፍ እሱ የሚያውቀው የመከራውን መጀመሪያ፣ የበረከቱን መጨረሻና መሐል ላይ የለቀማቸውን አራት አምስት ጥቅሶች ነበር። እግዚአብሔር የተቆጣበትን ንግግር የእግዚአብሔር ነው ብሎ፣ በገዛ እጁ ጽፎ፣ ልጁን አፈር ላለበሰ ሰው አስጨብጦታል። ማፈር ይህ ከሆነ፣ እስከዛሬ ያፈረባቸው ጊዜያት ሁሉ ጨዋታ ነበሩ።

«አባትሽ ምን አለ?»

«"ልጄን እግዚአብሔር በበደሉ ጣለው። ሰባኪው በአፉ ሊነግረኝ አፍሮ በካርድ ነገረኝ" ነው ያለው።»

«መጨረሻውን አላሳየሽውም?»

«አሳይቼዋለሁ። "አንቺ ልጄ ስለሆንሽ ልታጽናኚኝ ነው። እሱ ግን የቃሉ ሰው ነው፣ ሳያውቅ አይሰጠኝም" አለኝ።»

ነርሷ በሩን ከፍታ ባለተራውን ጠራች። ተራው የሰባኪው ነበር። ተነሥቶ፣ ተራውን ለሽማግሌው ትቶ፣ ጉንጩን እንደያዘ ወጣ።

አናጢው በሥራ ቤቱ ውስጥ የበር መቃን እየላገ ነበር። ሰባኪውን ሲያይ መላጊያውን አላቆመም።

«ወንድሜ» አለ ሰባኪው፣ «ያን ካርድ የሰጠሁህ ሳላነበው ነው።»

መላጊያው ቆመ። «አንተ አይደለህም እንዴ የጻፍከው?»

«ቁጥሯን ጽፌያታለሁ። ከላይዋ ምን እንዳለ፣ ማን ለማን እንደተናገራት አላየሁም። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅኩት። ያ ቃል ስለ ልጅህ አይደለም። የተናገረውንም ሰው እግዚአብሔር ተቆጥቶታል።»

«ስምንት ወር» አለ አናጢው። «ስምንት ወር ለልጄ ማልቀስ ፈርቼ ኖርኩ። እግዚአብሔር ለጣለው አይለቀስም ብዬ።»

ሰባኪው እግሩ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል አናጢው በክንዱ ያዘው። ይቅር ሊለው ግን አልነበረም።

«ካርዱን ስትሰጠኝ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለህ አንብበህ ነው። ስንቱ እቤቱ ገብቶ ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ እንዳነበበ፣ በልጄ ምን እንዳለ አላውቅም። እዚህ እንጨት መሐል አትንገረኝ። እዚያ፣ መድረክህ ላይ ንገረኝ።»

ከዚህ የከበደ ነገር ሊጠይቀው አይችልም ነበር። ሰባኪው ዓርብ ጥርሱን ተነቀለ፤ የእሑዱን ጭንቀት ግን የሚነቅልለት ሐኪም አጣ። አሞኛል ብሎ ሊቀር አሰበ። ሰው ያከብረኛል፣ ክብሬ ከጠፋ ስብከቴን ማን ይሰማል ብሎም ራሱን አባበለ። ቅዳሜ እንደ ልማዱ የጥቅስ ደብተሩን ገለጠ፤ ከየገጹ አንዳንድ ጥቅስ እያወጣ ከፍና ዝቅ ብሎ አነበበ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ስሕተት ሲያገኝ ደብተሩን ዘጋው።

እሑድ መድረኩ ላይ ቆሞ፣ «ዛሬ ሦስት ነጥብ የለኝም» ሲል ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ፤ ካርዱን፣ በልዳዶስን፣ ሳያነብ መስበኩን። ሳቁ ጠፋ። «ከእንግዲህ» አለ፣ «አንድ መጽሐፍ ይዤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ማን ተናገረ፣ ለማን ተናገረ፣ ለምን ተናገረ፣ ከፊቱና ከኋላው ምን አለ? ይህን ሳላይ አንዲት ቁጥር ብሰብክላችሁ ከመድረኩ አውርዱኝ።» ከዚያ የኢዮብን የመጀመሪያ ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር አነበበላቸው።

እንቅልፍ ይወስደዋል የተባለው ሕዝብ አልተኛም። በኋላ እንደታየው፣ ምእመናኑ መጽሐፋቸውን ይዘው መምጣት ለመዱ፤ ሰባኪው የሚዘለው ቦታ ሲኖር «ጋሼ፣ ይቺስ?» የሚሉ አልጠፉም። ቃል ተቆርጦ የሰው መምቻ መሆኑም ቀረ፤ ባልና ሚስት እንኳ ሲጣሉ ጥቅስ መወራወር ትተው «ቀጥሎ ያለውንም አንብበው» መባባል ጀመሩ። ሰባኪውም ከድሮው ይልቅ ይደክማል፣ ከድሮው ይልቅ ያውቃል። ትምህርት የሚጀምረው ካለማወቅ ሳይሆን፣ አለማወቅን ከማመን መሆኑን ከእሱ ያየን ብዙዎች ነን።

ያን እሑድ ግን ይህ ሁሉ ገና አልመጣም። ሰባኪው አንብቦ ሲጨርስ የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ተነሣ። አናጢው ነው። መግባቱን ማንም አላየም ነበር።

«ታዲያ የእኔ ልጅስ?» አለ።

ለሁሉ ነገር ጥቅስ የነበረው ሰው ጥቅስ አልፈለገም።

«ልጅህን በበደሉ ጣልኩት ብሎ እግዚአብሔር አልተናገረም» አለ። «የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

አናጢው ቁጭ አለ። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ፣ በስምንት ወሩ፣ ለልጁ አለቀሰ።