ለሚስት የተጠና እስፓኝኛ

ጣልያን በነበረ ጊዜ ነው፤ ከሶዶ ወደ በዴሳ በካሚዮን ስንሄድ አንድ ጎልማሳ አጠገቤ ለብቻው ያነበንባል።

«ምንድን ነው የምትደግመው፣ ልጄ?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«እስፓኝኛ ነው፣ አባቴ። የእስፓኝ ሰው የሆነ ነጋዴ አሠሪዬ አስተማረኝ። ኪዬሮ ኬ ሬግሬሴ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እንድትመለስ እፈልጋለሁ። ሚስቴ ተቀይማኝ አባቷ ቤት ገብታለች።»

«ሬግሬሴ ማለት ትመለሳለች ነው?»

«የለም፤ ትመለሳለች ሬግሬሳ ነው። ሰው ሲመኝ ግን ሬግሬሴ ይላል።»

«ለምኞት ባሕር ተሻገርክ በለኛ! ሽማግሌስ ልከሃል?»

«አልላክሁም። ደጃፏ ቆሜ ይህንኑ እላታለሁ።»

«እስፓኝኛ ትሰማለች?»

«ኧረ ከየት አምጥታ!»

«ታዲያ በወላይትኛ አትላትም?»

«በወላይትኛማ ይገባታል፣ አባቴ።»

እኔም በዴሳ እስክንደርስ ተመለሱልኝ ለማለት የፈራኋቸውን የስንቱን ሰው ስም በልቤ ጠራሁ።